ክሎው ማሽን ላይ እየተጫወቱ መብራት ቢጠፋ አሻንጉሊቱ የማን ነው?

ቢጫ ዳክዬ

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ክሎው ማሽን የሚያውቅ ሰው እዚህ ይኖር ይሆን? ያ አሻንጉሊት የተቆለለበት የመስታወት ሳጥን፣ በብረት እጅ እያነሳችሁ የምታወጡበት ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌም ቤት ገብተን የእህቴ ልጅ አንድ ድብ ላይ አነጣጠረ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ እጁ ወርዶ ድቡን ወገቡ ላይ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ መውጫው ቀዳዳ መሄድ ጀመረ፣ ልንጮህ ስንል መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። የማሽኑ ብቻ አይደለም፣ የቤቱ በሙሉ። ድቡ ወዲያው ዱብ አለ፣ ያውም ከቀዳዳው ጠርዝ ትንሽ ወዲህ። የሚገርመው እጁ ራሱ አልወደቀም፣ ባለበት ተንጠልጥሎ ቀረ።

መብራት ሲመጣ ደግሞ ማሽኑ ማንም ሳይነካው በራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። እጁን ወደ ላይ ሰበሰበ፣ ጥጉ ላይ ሄዶ ቆመ፣ ክሬዲቱ ዜሮ። ያልተጫወትናቸው ጨዋታዎችም አብረው ጠፉ። ሠራተኛውን ጠርተን ብንነግረው "ማሽኑ ዜሮ ነው የሚለው፣ እኔ ምን ላድርግ" ብሎን ሄደ። ልጁ አለቀሰ፣ እኔ ተናደድኩ፣ በቃ ወጣን።

እና መብራት ሲጠፋ እጁ ለምንድነው የሚለቀው? ክሬዲቱስ የት ይገባል? ደግሞ እንዲህ ሲያጋጥም ሰው ምን ብሎ ነው የሚከራከረው? ድቡ ተይዞ ነበር እኮ።


ሞላና ማርሽ

ወንድሜ፣ እነዚህን ማሽኖች መጠገን ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርህ።

እጁ ባለበት መቅረቱና ድቡ መውደቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እጁ የተንጠለጠለበትን ገመድ የሚጠቀልል ትንሽ ሞተር አለ፣ በሞተሩና በመጠቅለያው መሃል ደግሞ ብዙ ማርሽ አለ። ሞተሩ ማርሹን በቀላሉ ያዞረዋል። የእጁ ክብደት ግን ገመዱን ስቦ ያን ሁሉ ማርሽ ወደ ኋላ ማዞር አይችልም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ቢኖርም ባይኖርም እጁ የቆመበት ይቆማል።

ጣቶቹ ጋ ስትመጣ ታሪኩ ሌላ ነው። ከጣቶቹ በላይ ያለችው ክብ ነገር ውስጥ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ፣ ኮይል እንለዋለን። በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ከ24 እስከ 48 ቮልት ዲሲ ይሄድበታል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት ይሆናል፣ መሃሉ ያለውን ብረት ወደ ውስጥ ይስባል፣ ብረቱ ደግሞ ጣቶቹን ይዘጋቸዋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ማግኔትነቱም አበቃ። ብረቱ በክብደቱና በሞላው ይመለሳል፣ ጣቶቹ ይከፈታሉ። የሚቆልፋቸው ነገር የለም። እጅህ ላይ የያዝከው ስልክ እንቅልፍ ሲወስድህ እንደሚወድቀው ነው፣ የያዘው ኃይል ሄደ፣ አለቀ።

ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅም ካፓሲተር አለ አይደል ትለኝ ይሆናል። አለ፣ ግን የሚይዘው በአብዛኛው ለሰከንድ አንድ አስረኛ እንኳን አይበቃም። መብራቱ ጨረፍ አድርጎ ቢመለስ ማሽኑ ላያስተውለውም ይችላል። በደንብ ከጠፋ ግን ድቡን ቀዳዳው ድረስ የሚያደርስ ጉልበት የለውም።

ጣቶቻቸውን በኮይል ሳይሆን በሞተር የሚከፍቱና የሚዘጉ ማሽኖችም አሉ። እነሱ ላይ ሞተሩ ባለበት ስለሚቆም አሻንጉሊቱ በጨለማ ተንጠልጥሎ ሊቆይ ይችላል። አሻንጉሊቱን የሚያስጥለው የመብራቱ መምጣት ነው፣ ምክንያቱም ማሽኑ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ጣቶቹን ከፍቶ ነው የሚጀምረው።

በራሱ ተንቀሳቀሰ ያልከው የተለመደ ነው። ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ቦርዱ የምንለው፣ ሲነሳ እጁ የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ላይኛውን ሊሚት ስዊች፣ ማለትም እጁ ጫፍ መድረሱን የሚናገረውን ማብሪያ፣ እስኪነካ ገመዱን ይሰበስባል፣ ከዚያ በሐዲዱ ላይ ወደ ጥጉ ይሄድና ሌሎቹን ስዊቾች ነክቶ "እዚህ ነኝ" ይላል። በጊዜው ስዊቹን ካላገኘ ስክሪኑ ላይ የስህተት ቁጥር አውጥቶ ይቆማል።

ክሬዲቱን በተመለከተ እንደ ቦርዱ ነው። አንዳንዱ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ሚሞሪ ላይ ነው የሚይዘው፣ አንዳንዱ በማይጠፋው ላይ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ማሽኑ ሲነሳ ክሬዲት ይሰረዝ ወይስ ይቆይ የሚል ምርጫ ሜኑው ውስጥ አለ። የአንተው ያስቀመጠ አይመስልም። አጠቃላይ ሒሳቡ ግን፣ ማለትም ስንት ሳንቲም ገባ፣ ስንት አሻንጉሊት ወጣ የሚለው፣ በአብዛኛው መብራት ሲጠፋም አይጠፋም። ለባለቤቱ የሚያስፈልገው እሱ ነዋ።


ቢጫ ዳክዬ

እህትህ ነኝ እንጂ ወንድምህ አይደለሁም ሃሃ። ግን በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ዜሮ ቢልም ውስጥ ሌላ ቁጥር አለ ማለት ነው?


ካውንተር ላይ ያለሁ

አዎ አለ፣ የዚያ ሠራተኛ መልስም ያናደደኝ ለዚህ ነው። እኔም ጌም ቤት ነው የምሠራው።

ዜሮ የሚለው ስክሪን ምንም ማስረጃ አይደለም። ብዙ ማሽኖች ላይ በሩን ስትከፍቺ ትንሽ ቁጥር የምትቆጥር ሜካኒካል ቆጣሪ ታያለሽ፣ ሳንቲም በገባ ቁጥር ጠቅ እያለች አንድ የምትጨምር። እሷን መብራት አያጠፋትም፣ እንደገና ማስነሳትም አይመልሳትም። የጠዋቱን ቁጥር የሚመዘግብ ቤት ከሆነ ከአሁኑ ጋር አስተያይቶ ስንት እንደገባ ማወቅ ይቻላል። የአንቺን ከሌላው ተጫዋች ለይቶ አያሳይም፣ ግን "ምንም አልከፈላችሁም" የሚል ሰው አፍ ያስይዛል።

በካርድ የሚሠራ ቤት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ክርክር አያስፈልግም። ካርዱን ስታስነኪው ሒሳቡ የሚቀነሰው ሲስተሙ ላይ ነው፣ የትኛው ማሽን፣ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሆነ ተጽፎ ይቀራል። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ሁሉም ያውቃል። ሁለቱን አስተያይቶ ጨዋታውን መመለስ የደቂቃ ሥራ ነው። የማያደርግ ሰው ካለ ሰንፎ ነው።

አንድ ነገር ግን ልምከርሽ። መብራት ሲጠፋ ከማሽኑ ዘወር አትበይ። ስልክሽን አውጪና ባትሪውን አብርተሽ በመስታወቱ በኩል ፎቶ አንሺ፣ እጁ የት እንደቆመ፣ አሻንጉሊቱ የት እንደወደቀ አንድ ላይ እንዲታይ አድርገሽ። ሞላና ማርሽ እንዳለው መብራት በመጣ በሰከንዶች ውስጥ እጁ ወደ ጥጉ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ "ቀዳዳው ጋ ደርሶ ነበር" ብትዪ ማን ያምንሻል? ሠራተኛውንም በጨለማው ጥሪውና በዓይኑ ይየው።

አሻንጉሊቱ የማን ነው ላልሽው፣ ቤቱ የለጠፈው ደንብ ካለ መጀመሪያ እሱን አንብቢ። ብዙ ቦታ አሻንጉሊቱ ያንቺ የሚሆነው ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ነው። የእኔ አካሄድ ግን እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ገና ጆይስቲክ እያንቀሳቀሰ ከሆነ ጨዋታውን እመልስለታለሁ፣ ገና አልተጫወተም እና። ቁልፉን ተጭኖ፣ እጁ ይዞ፣ ወደ ቀዳዳው እየሄደ ከነበረ ግን የተጫዋቹ ሥራ አልቋል፣ የቀረው የማሽኑ ነው። ማሽኑ ያልጨረሰው በመብራት ከሆነ አሻንጉሊቱን አውጥቼ እሰጣለሁ። ልጅ እያለቀሰ አንድ ድብ ላይ ከመጨቃጨቅ ድቡን መስጠት ይሻላል፣ ነገም ይመጣሉ። አለቃዬ በዚህ አይስማማም፣ እሱ ሁልጊዜ ጨዋታ መልስ እንጂ ዕቃ አትስጥ ነው የሚለው። ምክንያቱም አለው፣ ወደ ቀዳዳው ሲሄድ መንገድ ላይ የሚወድቅ ብዙ ነው፣ መብራቱ ባይጠፋም ላይደርስ ይችል ነበር።


ማን ያምናል

ኧረ ተዉን እባካችሁ። ማሽኖቹ በሙሉ ሸወዳ ናቸው። መብራቱንም ራሳቸው ቢያጠፉት አይገርመኝም። ድብ ሊወጣ ሲል ድርግም? አጋጣሚ ነው በሉና!


ሞላና ማርሽ

አንድ ድብ ለማትረፍ ቤቱን በሙሉ የሚያጨልም ባለቤት ካለ ንግድ አያውቅም። ሌሎቹ ማሽኖች በሙሉ ቆመውበታል እኮ።

ደግሞ አያስፈልገውም። እጁ ምን ያህል እንደሚጨብጥ ሜኑው ውስጥ ይስተካከላል። ሲያነሳ ጠንካራ ሆኖ ትንሽ ከፍ ካለ በኋላ እንዲላላ ማድረግ ይቻላል፣ በስንት ጨዋታ አንዴ እስከ መጨረሻው በጠንካራው ይያዝ የሚለውንም ባለቤቱ ይሞላል። ይሄ የሚደበቅ ምስጢር አይደለም፣ በብዙ ማሽኖች መመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ተገቢ ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው፣ እኔም ሙሉ በሙሉ አልወደውም።

ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። የማሽኑ መብራትና ሙዚቃ ሳይቋረጥ አሻንጉሊቱ መንገድ ላይ ከወደቀ፣ ያ አብዛኛውን ጊዜ የአጨባበጡ መላላት ነው ወይም አሻንጉሊቱ መጀመሪያውኑ በጆሮው ነው የተያዘው። ሁሉም አብሮ ከጠፋ መብራት ነው።

በመሃል ያለ ሌላ ነገርም አለ። መብራቱ ሳይጠፋ ኃይሉ ሲቀንስ። አንድ ትልቅ ሞተር ወይም ኤሲ ሲነሳ አምፖሎቹ ደብዘዝ ሲሉ አይታችሁ ይሆናል። ቦርዱ የሚፈልገው 5 ቮልት ነው፣ ስለዚህ እሱ ይቋቋመዋል፣ ስክሪኑም እንደበራ ይቆያል። የድሮ ትራንስፎርመር ያለው ማሽን ላይ ግን ኮይሉ የሚያገኘው ቮልት ከመስመሩ ጋር አብሮ ይወርዳል፣ እጁ ይደክምና አሻንጉሊቱን ይለቃል። ተጫዋቹ "ሸወደኝ" ይላል፣ ባለቤቱ "ማሽኑ ደህና ነው" ይላል፣ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚያወሩት። አዳዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች ቮልቱን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ እነሱ ላይ ይሄ ብዙም አይታይም።


ማን ያምናል

እሺ ባክህ። ታዲያ በስንት ጨዋታ አንዴ የሚለው ቁጥር መብራት ሲጠፋ ከዜሮ ይጀምራል? መብራት እንደመጣ ሮጦ መጫወት ያዋጣል?


ሞላና ማርሽ

ሃሃ፣ ሸወዳ ነው ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ? አያዋጣም። ብዙዎቹ ያን ቆጠራ በማይጠፋው ሚሞሪ ላይ ነው የሚይዙት፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዜሮ የሚጀምር ቢሆን ደግሞ የሚጎዳው አንተኑ ነው፣ ሌሎች ሲጫወቱ የተጠራቀመው ሁሉ ጠፍቶ አዲስ መቁጠር ይጀመራል። ቁጥሩን በዕጣ መልክ የሚያወጡም አሉ፣ እነሱ ላይ ለውጥ የለውም።


ትንሿ ተርቢዶ

እኔ ደግሞ በተቃራኒው የሆነ ነገር አይቻለሁ። መብራቱ ሲጠፋ እጁ ቀዳዳው ላይ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር፣ ሐዲዱ ሲቆም እጁ ተወዛውዞ ወደ ፊት ሄደና አሻንጉሊቱ በቀጥታ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ልጅቷ እጇን ወደ ታች ከትታ ወሰደችው። ማሽኑ አልቆጠረውም ብሎ ሰው ሊመልስ ይችላል?


ካውንተር ላይ ያለሁ

ቀዳዳው ውስጥ የገባ የተጫዋቹ ነው፣ አለቀ። እኛ ቤት እንኳን ይሄ አያከራክርም።

ማሽኑ ባይቆጥረውስ? ቀዳዳው ውስጥ በጨረር ወይም በንዝረት አሻንጉሊት ማለፉን የሚያውቅ ሴንሰር አለ፣ መብራት ከሌለ እሱም ዕውር ነው። እስክታሸንፍ ተጫወት የሚሉት ማሽኖች ላይ ይሄ ያስቃል፣ ልጁ አሻንጉሊቱን አቅፎ ቆሞ፣ ክሬዲት የማይሰርዝ ማሽን ከሆነ መብራት ሲመጣ ገና አላሸነፍክም ብሎ እንደገና ያጫውተዋል። እኔ ዝም ነው የምለው።

እግረ መንገዴን፣ በጨለማ ሳንቲም የሚከቱ አሉ፣ መብራቱ አሁን ይመጣል ብለው። ኤሌክትሮኒክስ የሆነው የሳንቲም መቀበያ መግቢያውን የሚከፍተው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ሳንቲሙን ወደ ታች ይመልስልሃል። የድሮው ሜካኒካል ግን ይውጠዋል፣ ቦርዱ ስለጠፋ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ብር የሚቀበል ማሽን ከሆነና ብሩ ግማሽ ገብቶ ከቆመ አትጎትቱት፣ ይቀደዳል። መብራት ሲመጣ መቀበያው ሮለሮቹን አዙሮ ወይ ይመልሰዋል ወይ ወደ ውስጥ ይጨርሰዋል። ከጨረሰው በኋላ ክሬዲት ካልሰጠ ሠራተኛ ጥሩ፣ ብሩ ውስጥ ከላይ ነው የሚገኘው፣ ለማረጋገጥ ቀላል ነው።

ማሽኑን ማነቃነቅም ዋጋ የለውም። መብራት ካለ አላርም ይጮኻል፣ መብራት ከሌለ ደግሞ ከባድ መስታወት ነው የምትወዘውዙት።


አሮጌ ቶክን

የቀድሞዎቹ እንዲህ ዓይነት ችግር አልነበረባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኢሪ ዲገር የሚባለው ማሽን ሲወጣ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አልነበረውም፣ ተጫዋቹ መዘውሩን በእጁ እያዞረ ነበር መቆፈሪያውን የሚያንቀሳቅሰው። የኤሌክትሪኮቹ በኋላ ነው የመጡት። ጃፓኖቹ ሴጋዎች ዩፎ ካቸርን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በመዘውር የሚሠራ ዛሬ ቢኖር እኔ እሱን ነበር የምመርጠው፣ ቢያንስ ሲጥለው በራሴ እጅ ነው።


ሁለት ማሽን

ሰላም፣ እኔ ባለቤት ነኝ፣ ሁለት ክሎው ማሽን ብቻ ነው ያለኝ። ይህን ሁሉ ሳነብ ደንበኞቼ ለምን እንደሚቆጡ ገባኝ። ሞላና ማርሽ፣ ዩፒኤስ፣ ያ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካው፣ ባስገባ ይሠራል? ደግሞ በተደጋጋሚ መብራት መጥፋቱ ማሽኑን አይጎዳውም?


ሞላና ማርሽ

ዩፒኤስ ይሠራል፣ ትልቅም አያስፈልግህም። ዓላማህ ማሽኑን ሰዓታት ማቆየት ሳይሆን የተጀመረችውን ጨዋታ ማስጨረስ ነው። አንድ ጨዋታ ቢረዝም አንድ ደቂቃ ነው። ከማሽኑ ጀርባ ያለው ምልክት ላይ ስንት ዋት እንደሚፈልግ ተጽፏል፣ እሱን እይና ከዚያ በደንብ ከፍ የሚል ግዛ፣ ሞተሮቹ ሲነሱ ለቅጽበት ከተለመደው በላይ ይስባሉ። የዩፒኤሱ ባትሪ በጥቂት ዓመታት እንደሚደክም አስበው፣ ሳትለውጠው ብትተወው በሚያስፈልግህ ቀን ነው የሚከዳህ። እና መብራት ሲጠፋ አዲስ ሳንቲም እንዳይከቱ ለሰው ንገር፣ አለበለዚያ በባትሪው ላይ ይጫወቱበታል።

ስለ ጉዳቱ የጠየቅከው ጥሩ ነው። የመብራቱ መጥፋት ብቻውን ብዙም አይጎዳም። አደጋው ሲመለስ ነው። የመጀመሪያው ቅጽበት ላይ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ሁሉም ማሽን ባንድ ጊዜ ሲነሳ ደግሞ የሚስበው ብዙ ነው፣ ፊውዝ ያቃጥላል ወይም ብሬከሩን ይጥላል። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ፣ ዩፒኤስ ካለህ ደግሞ የተጀመረችው ጨዋታ እንዳለቀች፣ የየማሽኑን ማብሪያ አጥፋ። ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ አንድ በአንድ አብራ፣ አንደኛው እጁን ጥጉ ላይ አድርሶ እስኪቆም ሁለተኛውን አትንካ። ሰርጅ፣ ማለትም ድንገተኛ የቮልት መጨመር፣ መከላከያ ባለው ማከፋፈያ ላይ ብታደርጋቸው ደግሞ ይሻላል።


ሁለት ማሽን

እሺ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ለሠራተኛዬ የምነግረው ሌላ ነገር አለ? ድቡን ለደንበኛ አውጥታ እንድትሰጥ ልፈቅድላት ነው።


ሞላና ማርሽ

አንድ ነገር ብቻ፣ ግን ዋናው ነው። በጨለማ በሩን ከፍታ እጇን ከማስገባቷ በፊት ሶኬቱን ትንቀል። መብራቱ እሷ ውስጥ ሳለች ከመጣ ማሽኑ ማንንም አይጠይቅም፣ ገመዱን ይሰበስባል፣ ሐዲዱ ላይ ያለው ሞተር ወደ ጥጉ ይሮጣል፣ ጣት ማርሽና ሐዲድ መሃል ከተገኘ ይይዛል። አንዳንዱ ማሽን በሩ ሲከፈት የሚያቆም ስዊች አለው፣ ሆኖም ሰዎች ለጥገና ብለው በሽቦ አገናኝተውት ስለማገኘው እሱን አትመኑት። ሶኬቱን ነቅላ፣ ድቡን አውጥታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ከዚያ ትሰካው።